ቡና የፈሰሰበት ገጽ

አልጋዬ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ፣ ጠረጴዛ ከበው ታሪክ እየፈጠሩ ስለሚጫወቱት ጨዋታ የሚጽፉ ሰባት አሮጌ መጽሔቶች አሉ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግተው ከሚሸጡ አባት ነው የገዛኋቸው። ሽፋናቸው ላይ ዘንዶ፣ ጋሻ ያነገበ ጦረኛ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። «ጋሼ፣ እነዚህ ስንት ናቸው?» ስላቸው ገልበጥ ገልበጥ አደረጓቸውና «የልጆች መሰሉኝ ልጄ፤ ሁሉንም ከወሰድሽ እቀንስልሻለሁ» አሉኝ። ሁሉንም ወሰድኩ።

እነዚህን መጽሔቶች ስምንት ሰዎች ነን የምንዋዋሳቸው። አንዱ ለአንዱ ሲያቀብል፣ ታክሲ ውስጥ ሲነበቡ፣ ምሳ ላይ ሲገለጡ ሁለት ዓመት ቆይተው ወደ እኔ ተመለሱ። ሳያቸው አርጅተዋል፤ ሁሉም ገጽ ግን እኩል አላረጀም። አንዳንዱ ከማተሚያ ቤት ዛሬ የወጣ ይመስላል። አንዳንዱ ጠርዙ ተበልቷል፣ በእርሳስ ተጽፎበታል፣ ከስፌቱ ተላቋል። አንደኛው ላይ ደግሞ ቡና ፈሶበታል፤ የሲኒው ክብ እንደ ማኅተም አርፎበታል። ይህን የምጽፈው በዚያ ገጽ ምክንያት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ የጨዋታው መሪ ነው፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ። መሪው «ድልድዩ ላይ ደርሳችኋል፤ ማዶ እሳት ይታያል» ይላል። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። መሳካቱ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ፣ በየጎኑ ቁጥር ያለበት ትንሽ ጠጠር፣ ይጣላል፤ ባለ 6 ጎኑ ብቻ ሳይሆን ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 20 ጎኑም ጭምር። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ታሪኩ ካቆመበት በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥላል። በመጽሐፍ መልክ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ብለው አወጡት።

እኛ ግን ግማሹን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» እየተባለ ሲጠያየቁ መልሱ የጠፋበት ልጅ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል። ጠያቂው ልጅ በተሰጠው ሀገር በቃል ገብቶ ይነግሣል፤ ያገኘውን፣ የበላውን፣ የለበሰውን ይዘረዝራል። ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል፤ ለዚያች ደቂቃ ሀገሩ የእርሱ ነው። መጀመሪያ ዳይስ ይዤ ጠረጴዛ ፊት በተቀመጥኩ ቀን የታወሰኝ ይኸው ነበር፤ የአያቴ ቤት መደብ፣ የምሽቱ ጭስ፣ «ሀገር ስጠኝ» የሚለው ድምፅ።

ገበታችን (ጠረጴዛውንም አብረን የምንጫወተውንም ሰዎች እንዲህ እንላለን) መጀመሪያ ፒያሳ ነበር፤ አሮጌ ቤት ውስጥ ያለ ካፌ፣ ከኋላ በኩል፣ እግሩ የሚነቃነቅ ትልቅ ጠረጴዛ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ካፌውም ሄደ። አሁን ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ እስከ ምሽት።

ባለፈው ጥቅምት በአማርኛ አንዲት ትንሽ መጽሔት እናውጣ ተባባልን። ሐሳቡ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲብሰለሰል የቆየ ነው፤ ያቆመን «ምን እንጻፍባት?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ስለዚህ ጠየቅን፤ መጀመሪያ የራሳችንን ገበታ፣ ቀጥሎ የምናውቃቸውን ሌሎች ሁለት ገበታዎች። «ምን ቢኖርባት ታነባላችሁ?»

መልሱ ቶሎ መጣ። አዳዲስ ደንቦች። አዳዲስ አውሬዎች። አዲስ የወጡ መጻሕፍት ግምገማ። ያማረ ሥዕል። አንድ ሁለት ሰዎች ደግሞ ልብ ወለድ ጠየቁ። መልሱን በደብተሬ ጽፌ፣ በየርዕሱ ገጽ መድቤ፣ ረክቼ ተኛሁ። በማግሥቱ ካርቶኑን አወጣሁና መጽሔቶቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። ያው እነዚያ ሰዎች ያነበቧቸው መጽሔቶች፣ ሌላ መልስ ይሰጡኝ ጀመር።

የአዳዲስ ደንቦች ገጾች ንጹሕ ናቸው። ስለ ጦር መሣሪያ ክብደትና ፍጥነት ስድስት ገጽ ሙሉ ሠንጠረዥ ያለበት እትም አለ፤ አንድም የእርሳስ ምልክት የለበትም። የግምገማ ገጾቹም እንዲሁ። ልብ ወለዶቹ አንድ ጊዜ ተነበው ተዘግተዋል። የተበላው፣ የላላው፣ የቆሸሸው ሌላ ነው። ባለ ሁለት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ካርታ። የሰዎች ስም ዝርዝር። አንድ አውሬ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ፣ ልጆቹን እንዴት እንደሚያሳድግ የሚተርክ ጽሑፍ። የአንባቢያን ደብዳቤዎች። ቡናው የፈሰሰው የእንግዳ ማረፊያው ካርታ ላይ ነው። በዳሩ ላይ በአራት ሰዎች የእጅ ጽሕፈት የአማርኛ ስሞች ተጽፈውበታል፤ አንዱ ጓዳውን ጠጅ መጣያ አድርጎታል፣ ሌላው በረቱን ለሁለት በቅሎዎች ከፍሎታል።

ጓደኞቼ ዋሽተውኛል ማለቴ አይደለም። ሰው ምን ትፈልጋለህ ሲባል የሚያደንቀውን ይናገራል፤ እጁ የሚያነሣው ግን የሚያስፈልገውን ነው። ይህን ልዩነት የማታይ የመጽሔት አዘጋጅ የምታወጣው የሚደነቅ እንጂ የሚነበብ መጽሔት አይሆንም።

የሚያስፈልገው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ዓርብ ማታን ማየት ይበቃል። የጨዋታው መሪ ከሥራ ወጥቷል፣ ከሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፎ ቤቱ ሲገባ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ነገ አምስት ሰዎች በየአቅጣጫው ይመጡለታል። ባለፈው ቅዳሜ ተጫዋቾቹ ማንም ባልጠበቀው መንገድ ወደ ገበያው ከተማ ዞረዋል፤ ስለዚያ ከተማ መሪው ከስሟ ሌላ የሚያውቀው የለም። ራት መብላት አለበት። መብራቱ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ሰዓት ስለ ጨዋታው ፍልስፍና የሚያትት ጽሑፍ አይረዳውም። የሚረዳው በ15 ደቂቃ አንብቦ፣ ከራሱ ሁለት ነገር ጨምሮ፣ ነገ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ገጽ ነው። መጽሔታችን ለዚህ ሰው መጻፍ እንዳለባት በዚያ ጠዋት ወሰንኩ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ምሳሌ ልስጥ። በእነዚህ ጨዋታዎች ሀብት ሁልጊዜ የወርቅ ሳንቲም ነው፤ ተጫዋቾች ዋሻ ገብተው አሥር ሺህ ሳንቲም ያገኛሉ፣ በስልቻ ይዘው ይወጣሉ፣ ማንም ክብደቱን አይጠይቅም። እኔ ለሙከራ ስለ ማርትሬዛ ብር አንዲት ገጽ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 1780 የሚለው ዓመት ከተቀረጸበት በኋላም ያው ዓመት ሳይቀየር ለረጅም ዘመን ሲመታ ኖሯል፤ በእኛም ሀገር ገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር ጎን ለጎን ሠርቷል። እንግዲህ አሥር ሺህ ብር 280 ኪሎ ግራም ነው። ለሦስት በቅሎ የሚከብድ ጭነት። አሞሌው ደግሞ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ ዝናብ ሲነካው ግን ይሟሟል።

ይህችን ገጽ ለገበታችን አንዱ መሪ ሰጠሁት። ያንን ቅዳሜ ሙሉ ዘንዶ አልገጠምንም። ሦስት ሰዓት ሙሉ በቅሎ ስንፈልግ፣ ከጫኚዎች ጋር ዋጋ ስንከራከር፣ ወንዙ ሳይሞላ ለመሻገር ስንጣደፍ፣ ግማሹን ብር የት እንደምንቀብር ስንማከር ዋልን። በበልሃ ልበልሃ ያደገ ሕዝብ ልጆች ስለሆንን ነው መሰለኝ፣ ክርክሩ ከውጊያው በልጦ ጣፈጠን። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ገጿ የሰጠችን አራት ቁጥርና ሁለት እውነት ብቻ ነው። ቀሪውን ያደረገው ገበታው ነው።

ስለዚህ በአንድ ጉዳይ ከሒሳብ መምህሩ ጓደኛችን ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እርሱ ደንብ ይወዳል፤ በየእትሙ አንድ አዲስ የውጊያ ስልት፣ አንድ አዲስ የጥንቆላ ዓይነት እንዲኖር ይፈልጋል። ደንብ ማውጣት ራሱ ጨዋታ ነው ይላል፤ ትክክል ነው። ብቻውን የሚጫወተው ጨዋታ ነው። ነገር ግን አዲስ ደንብ ጠረጴዛ ላይ እንዲውል አምስት ሰዎች እንዲማሩት ያስፈልጋል፤ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ግን መሪው ብቻ ቢያውቀው ይበቃል። ለደንብ የምተወው ቦታ አንድ ነው፤ ጥያቄና መልስ። «ድራጎን» የተባለው መጽሔት አንባቢ በደንብ ሲጣላ የሚዳኝ ዓምድ ነበረው፣ ለብዙ ዓመታትም ኖሯል። የኖረበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል፤ ጥያቄው የመጣው ከእውነተኛ ጠረጴዛ፣ ከእውነተኛ ጭቅጭቅ ነው። መልሱን የጠየቀው ብቻ ሳይሆን ያልጠየቀውም ይፈልገዋል።

ግምገማን በተመለከተ የአዲስ አበባ አንባቢ የተለየ ነው። ውጭ ሀገር ያለ አንባቢ ግምገማ የሚያነበው ልግዛ ወይስ አልግዛ ብሎ ነው። እኛ ጋ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ የለም። ከውጭ ለማዘዝ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ አንድ መጽሐፍ የሚደርሰን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ሲተርፈው ነው። «ድንቅ መጽሐፍ ነው፣ አምስት ኮከብ ይገባዋል» የሚል ጽሑፍ ለእኛ አንባቢ የተዘጋ ሱቅ መስታወት ነው። እኔ የምፈልገው ግምገማ ሌላ ነው፤ ጸሐፊው መጽሐፉን አንብቦ ከውስጡ አንድ ዘዴ ያውጣልኝ፣ በራሱ ቋንቋ ያስረዳኝ፣ ገበታው ላይ ሞክሮት የሆነውን ይንገረኝ። መጽሐፉን ባላየው እንኳ አንድ ነገር ይዤ እሄዳለሁ።

የእነዚህን መጽሔቶች ታሪክ ሳነብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ሌላ ነገር አለ፤ ትልልቆቹ መጽሔቶች ያደጉት በአንባቢ እጅ ነው። «ድራጎን» እ.ኤ.አ. በ1976 ከወጣ በኋላ በወረቀት 359 እትም ደርሶ በ2007 አበቃ። ታናሽ ወንድሙ «ደንጀን» እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2007 ድረስ 150 እትሞች አወጣ፤ ይዘቱ ተዘጋጅተው የቀረቡ ጀብዱዎች ናቸው፣ ብዙዎቹን የላኩት አንባቢዎች ነበሩ። እንግሊዝ ሀገር ደግሞ «ዋይት ድዋርፍ» እ.ኤ.አ. በ1977 ተጀመረ። አንባቢዎች የፈጠሯቸውን አውሬዎች የሚያትም ዓምድ ነበረው። ቻርልስ ስትሮስ የተባለ ልጅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ «ጊትያንኪ» የሚባሉ ፍጥረቶችን ላከላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተሙ፣ በ1981 ወደ ጨዋታው የአውሬዎች መጽሐፍ ገቡ። ልጁ አድጎ የታወቀ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆነ። ፍጥረቶቹም አልሞቱም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ትልቅ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተጫዋቾች ከእነርሱ ጋር ተጉዘዋል። አንድ ተማሪ ወረቀት ላይ የጻፈው ነገር ነው። አዘጋጁ «ይህ የልጅ ሥራ ነው» ብሎ ቅርጫት ውስጥ ቢጥለው ኖሮ ብዬ ሳስብ ይዘገንነኛል።

ያው «ዋይት ድዋርፍ» ከዓመታት በኋላ መንገዱን ቀየረ። የአሳታሚው ድርጅት የራሱን ትንንሽ የጦር ምስሎችና የራሱን ጨዋታዎች ይሸጥ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገጾቹ ሁሉ ለእነዚያ ዋሉ። መጽሔቱ ዛሬም አለ፤ በንግድ ዓይን ካየነው ውሳኔው አልከሰረም። ቀድሞ አውሬውንና ካርታውን ይልክ የነበረው የሌላ ጨዋታ ተጫዋች ግን ከቤቱ ወጣ።

ከሁሉም በላይ የምትማርከኝ ግን በጣም ቀላሏ ናት። ሊ ጎልድ የምትባል ሴት ሎስ አንጀለስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 «አላረምስ ኤንድ ኤክስከርሽንስ» የተባለች ሕትመት ጀመረች። አሠራሯ እንደ እቁብ ነው። እያንዳንዱ ተሳታፊ የራሱን ገጾች ጽፎ ይልካል፤ እርሷ ታሰባስባለች፣ ትጠርዛለች፣ ለሁሉም መልሳ ትልካለች። በሚቀጥለው ወር እያንዳንዱ ለሌሎቹ መልስ ይጽፋል። ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ። እንዲህ ሆና አምስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ዘለቀች።

ታናሽ እህቴ የጨዋታ መሪ ሆና አታውቅም፤ መሆንም አትፈልግም። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ስላት ያለችኝን ከደብተሬ ልገልብጠው፤ «እኔ ሌሎች ሰዎች ቅዳሜ ምን እንደሆኑ ማወቅ ነው የምፈልገው።» ያኔ እንደ ቀላል መልስ አልፌው ነበር። የደብዳቤዎቹን ገጽ ጠርዝ ሳይ ገባኝ። ከሰላሳና ከአርባ ዓመት በፊት፣ በማናውቀው ከተማ ያለ ሰው «መሪያችን ሁሌም ጓደኛውን ያደላል፤ ምን ላድርግ?» ብሎ የጻፈውን ደብዳቤ ስምንታችንም አንብበነዋል፣ ከሥሩም ሁለታችን በእርሳስ መልስ ጽፈናል። ይህን ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ የሚጫወት ሰው ብዙ ጊዜ ከራሱ ገበታ ሌላ ገበታ አይቶ አያውቅም። እርሱ ምን እንደሚያደርግ ቤተሰቡ አይገባውም። ሌላ ቦታ፣ ሳሪስ ወይም ጉለሌ፣ ሌሎች አምስት ሰዎች ያው ድልድይ ላይ ቆመው እንደሚከራከሩ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በየእትሙ ሁለት ገጽ «ቅዳሜ ምን ሆነ?» ለሚል ዓምድ ሰጥተናል። ባለ ታሪኮቹ ራሳቸው ይጽፉታል።

የቋንቋው ሥራ ብቻውን አንድ መጽሔት ይሞላል። ስንጫወት ግማሹን ቃል በእንግሊዝኛ እንላለን፤ ጽሑፍ ላይ ግን አያምርም፣ አዲስ የሚመጣውንም ሰው ያስፈራዋል። አንዳንዱ ቃል ሳንፈልገው ይገኛል። ተጫዋች ስንት ምት እንደሚችል የሚቆጥረውን ነጥብ ምን እንበለው ብለን ስንጨነቅ፣ የጓደኛችን የስምንት ዓመት ልጅ በስልክ እየተጫወተ «ሁለት ነፍስ ቀርቶኛል!» ሲል ሰማነው። ነፍስ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ቃል አልፈለግንም። ረጅሙን ታሪክ «ዘመቻ» አልነው፣ አጭሩን «ጀብዱ»።

አውሬዎችን በተመለከተ የራሴ ጽኑ አቋም አለኝ። ዘንዶ አለን፤ አርዌን የሚያውቅ ሕዝብ ዘንዶ መበደር አያስፈልገውም። ጅብ አለን፤ ሐረር ላይ ሰው በእጁ ሥጋ የሚያጎርሰው፣ ገጠር ደግሞ ስሙ በምሽት የማይነሣው ያው ጅብ፣ ስለ አኗኗሩ ብቻ አራት ገጽ ይጻፍለታል። ነገር ግን «ቡዳን አውሬ አድርገን እንሥራ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ መለስኩት። ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ በዚህ ስም ሲገለል፣ ልጁ በዚህ ስም ሲሰደብ በኖረበት ሀገር ይህን ቃል በዳይስ አልጫወትበትም። ጸሐፊው ተረዳኝ፤ ታሪኩን ገልብጦ በሐሜት ስለተባረረ ቀጥቃጭና እውነቱን ስለሚፈልጉ መንገደኞች ጻፈው። የመጀመሪያው እትማችን ምርጥ ጽሑፍ ሆነ።

ሥዕል የጠየቁትን አላሳዘንኩም፤ ሥዕሉ ግን በጥቁር መስመር ብቻ ነው። መጽሔቷ የምትባዛው አራት ኪሎ ባሉ የፎቶ ኮፒ ቤቶች ነው፣ የምትነበበውም ከኮፒ የተነሣ ኮፒ ሆና ነው። ከጽሑፍ ሥር የሚሳል ግራጫ ጥላ በሁለተኛው ኮፒ ጭቃ ይሆናል። ስድስት ቅጠል ኤ4 ወረቀት መሐል ለመሐል ታጥፎ በስቴፕለር ሲያዝ 24 ገጽ ይወጣዋል። ካርታው ሁልጊዜ መሐለኛው ቅጠል ላይ ነው፤ ስቴፕለሩ ሲፈታ ሙሉውን ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ እንዲዘረጋ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አለ፤ ጠጅ ቤት የሚሰሙ አሥራ ሁለት ወሬዎች፣ በባለ 12 ጎን ዳይስ የሚወጡ። ከገበያ የወጣች በቅሎ ጫኚዋን ትታ ብቻዋን መጣች። የድልድዩ ጠባቂ ከሰኞ ጀምሮ ሰላምታ አይመልስም። የደብሩ ደወል ሌሊት ማንም ሳይነካው ተሰማ። እንዲህ እያለ አሥር ድረስ ይሄዳል። አሥራ አንደኛውንና አሥራ ሁለተኛውን መስመር ባዶ ተውናቸው። የሒሳብ መምህሩ «ያልተጨረሰ ይመስላል» ብሎ ተቃወመ፤ እኔ የቡናውን ገጽ አውጥቼ አሳየሁት።

ሠላሳ ቅጂ አባዛን። በሦስተኛው ሳምንት ከገበታችን አንዷ፣ ነርስ ናት፣ ሌሊት ተረኛ ሆና ያነበበችውን ቅጂዋን ይዛ መጣች። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ በጥቃቅን ፊደል ጽፋበታለች፤ «ባለ ጠጅ ቤቷ ከትናንት ጀምሮ ለአምስት ሰው ራት ታቀርባለች፤ ያደሩት እንግዶች ግን አራት ናቸው።» አሥራ ሁለተኛውን አልነካችውም። በዚያው ቅዳሜ መሪያችን በእርሷ ቅጂ ተጠቅሞ ዳይሱን ጣለ። ዳይሱ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ተንከባለለና ቆመ፤ አሥራ ሁለት። ስድስታችንም እርሳስ ፍለጋ ተነሣን።